የሠራተኛው ምሳ፦ በሥራ ሕግና በግብር ሕግ መካከል

አሠሪ ለሠራተኛው ስለሚያቀርበው ምግብ በስም ጠርቶ የሚናገር ድንጋጌ በኢትዮጵያ የፌዴራል ሕጎች ውስጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚገልጠው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅን ይሆናል። የፈለገውን የሚያገኘው ግን በሌላ ሰነድ ውስጥ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነጻ የሚሆኑ ገቢዎችን ሲዘረዝር፣ በማዕድን፣ በማኑፋክቸሪንግ ወይም በግብርና ሥራ የተሰማራ ቀጣሪ ለተቀጣሪው በነጻ የሚያቀርበውን ምግብና መጠጥ ከዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። በመሆኑም በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት በምሳ ሰዓት የሚቀርብላት እንጀራና ወጥ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር አይጠየቅበትም።

ይህች አጭር ድንጋጌ በጥንቃቄ ስትነበብ መንግሥት በጉዳዩ ላይ ያለውን አቋም ከብዙ የፖሊሲ ሰነዶች ይልቅ ገልጣ ታሳያለች። ድንጋጌዋ ምግብ ማቅረብን በመጠኑ ታበረታታለች እንጂ አታስገድድም። ምን ዓይነት ምግብ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ዓይነት ንጽሕና የሚሉትን ጥያቄዎች አታነሣም፤ የግብር ሕግ አካል ናትና እነዚህን እንድታነሣ መጠበቅም አይገባም። የጠቀሰቻቸው የሥራ መስኮችም ሦስት ብቻ ናቸው። ሕንፃ የሚያቆመው ተቋራጭ፣ የንግድ ቤቱ፣ የጥበቃ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶና ብሎኬት ሲሸከም የሚውለው የቀን ሠራተኛ፣ በጉልበት ከሚያወጣው ኃይል አንጻር ምሳ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ቢሆንም፣ የግብር ሕጉ ለሥራ ዘርፉ ያሰበለት ነገር የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በሥራ ቦታ የሚበላው ምግብ በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለ ባለቤት መቅረቱን ነው። የሥራ ሕጉ የሠራተኛውን አካል ከአደጋ ይጠብቃል፤ አካሉ በምን ኃይል እንደሚሠራ ግን አይጠይቅም። የግብር ሕጉ ምግቡን ያውቀዋል፤ ስለ ይዘቱ ግን ግድ የለውም። ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በተለያየ መንገድ ለመዝጋት ሞክረዋል፤ ሙከራቸውም፣ ስሕተታቸውም ጭምር፣ ለኢትዮጵያ ትምህርት ይሆናል።

የሥራ ሕጉ ምን ይጠብቃል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጤና ረገድ ባዶ ሰነድ አይደለም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል። ሲታመም በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ ይከለክላል። ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት በሚናገረው ክፍሉም አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ፣ የደኅንነት ኮሚቴ የማቋቋም፣ በሥራ ላይ የደረሰን አደጋ የመመዝገብ ግዴታ ተጥሎበታል። ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 ማጽደቋም ከዚሁ መንገድ ጋር የሚስማማ ነው።

ድንጋጌዎቹ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሠራተኛውን ከውጭ ከሚመጣ ጉዳት ይከላከላሉ። ማሽን እጅ እንዳይቆርጥ፣ ኬሚካል ሳንባ እንዳይጎዳ፣ ሥራ እንቅልፍ እንዳይነፍግ ይጠነቀቃሉ። ዝግ ብሎ ከውስጥ የሚመጣው ድካም፣ ማለትም በቂ ያልሆነ ወይም ሚዛኑን ያልጠበቀ ምግብ የሚያስከትለው፣ በአደጋ መዝገብ ላይ የሚሰፍርበት ዓምድ የለውም። አዋጁ ምግብ እንዲቀርብ አሠሪውን የሚያስገድድ አንቀጽም አልያዘም። ጉዳዩ ለኅብረት ስምምነት የተተወ ነው፤ ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ስለ ምሳ ተደራድሮ ይስማማል፤ ማኅበር የሌለበት ድርጅት ሠራተኛ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ወይም ከአጥሩ ውጭ ዳቦ በሻይ ይበላል።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች በዚህ ረገድ የተሻለ ልማድ እንዳለው አይካድም። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ የሠራተኞች ክበብ አለ፤ ምግቡም ብዙውን ጊዜ ከውጭ ምግብ ቤቶች በረከስ ባለ ዋጋ ይሸጣል። የመደበኛው የቢሮ ሰዓት አከፋፈል ራሱ የሰውን አኗኗር የሚያስተናግድ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ6:30 እስከ 7:30 የምሳ ዕረፍት ሲሆን፣ ዓርብ ዕለት ደግሞ የጁምዓ ሶላትን ከግምት በማስገባት ከ5:30 እስከ 7:30 ይሰፋል። ይህ የሚያሳየው መንግሥት የሠራተኛን የቀትር ሰዓት መደንገግ ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎ እንደማያየው ነው። በፋብሪካ የምትሠራው ወጣት ግን የምሳ ዕረፍቷ ርዝመት በፈረቃና በምርት ዕቅድ የሚወሰን ነው።

ለምን ምሳ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል?

ሰው ምን እንደሚበላ የግል ጉዳዩ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። መልሱ የሚገኘው ከቁጥሮቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 ከመቶ ያህሉ ደም ማነስ እንዳለባቸው፣ 22 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከመጠን በላይ ቀጫጭን መሆናቸውን አሳይቷል። በተመሳሳይ የዕድሜ ክልል ካሉ ወንዶች መካከል ቀጫጭኖቹ 33 ከመቶ ነበሩ። ይህ የዕድሜ ክልል የአገሪቱ የሥራ ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነው የረኀብ ዋጋ ጥናት ደግሞ በልጅነት ዘመን የደረሰ የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን በዓመት 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 ከመቶ፣ እንደሚያሳጣት ገምቷል። በዚያው ጥናት መሠረት 67 ከመቶ የሚሆነው አዋቂ ሕዝብ በልጅነቱ የመቀንጨር ጉዳት የደረሰበት ነበር።

የመንግሥት የሥነ ምግብ ፖሊሲ ለዚህ የሰጠው ምላሽ በዋነኛነት በሕፃናት ላይ ያተኮረ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲም ከፅንስ እስከ ሁለተኛ የልደት ቀን ላሉት 1000 ቀናት ልዩ ትኩረት የሚሰጠውን አስተሳሰብ ይከተላል። ትኩረቱ ትክክል ነው፤ የተቀነጨረ ሕፃን የጠፋበትን ዕድገት በኋላ መልሶ አያገኝምና። ሆኖም ያ ሕፃን አድጎ ዛሬ በፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ዕድገቱን መመለስ ባይቻልም የዛሬውን ደም ማነሱን ማከም ይቻላል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረብ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ተማሪዋ ትምህርቷን ጨርሳ ፋብሪካ በገባች ማግስት ስለ ምሳዋ የሚጠይቅ የመንግሥት አካል ማግኘት ያስቸግራል።

ደም ማነስ በሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግምት የሚነገር ብቻ አይደለም። ባስታና ባልደረቦቹ በኢንዶኔዥያ ምዕራብ ጃቫ በሚገኝ የጎማ ተክል እርሻ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመው ጥናት እስካሁን ይጠቀሳል። የጎማ ዛፍ እየፈለፈሉ ፈሳሹን የሚሰበስቡት ወንዶች ምርታቸው በየቀኑ ስለሚመዘን የእያንዳንዱ ሰው ውጤት በትክክል ይታወቅ ነበር። ደም ማነስ ያለባቸው ሠራተኞች የሚሰበስቡት ከጤነኞቹ በ20 ከመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በተለምዶ አይረን የሚባለውን የብረት ንጥረ ነገር በቀን 100 ሚሊ ግራም ያህል ለ60 ቀናት የወሰዱት ደግሞ ምርታቸው ወደ ጤነኞቹ ምርት ተጠጋ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ሰፊ ጥናትም በሥራ ቦታ ያለው የምግብ ጉድለት በአንዳንድ አገሮች እስከ 20 ከመቶ የሚደርስ ምርታማነት እንደሚያሳጣ አመልክቷል።

በኢትዮጵያ ራሷ የተካሄደ አንድ ጥናት ጉዳዩን በሌላ ማዕዘን ያሳያል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ካመለከቱ ሰዎች መካከል የሚቀጠሩትን በዕጣ እንዲለዩ አድርገው ውጤቱን ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጽሑፋቸው እንደሚለው፣ የተቀጠሩት ሰዎች ገቢ ካልተቀጠሩት እምብዛም አልበለጠም፤ አብዛኞቹም ሥራውን በፍጥነት ለቀቁ፤ በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የሚያጋጥማቸው ሰዎች ቁጥር በአንድ የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። ጥናቱ ስለ ምግብ የተለየ ድምዳሜ አልሰጠም። ሠራተኛ አልቆይ አለ እያሉ የሚያማርሩ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ግን ከደመወዝ ቀጥሎ ሊመለከቱት የሚገባው ነገር የሠራተኛው አካል ምን ያህል እንደሚደክም መሆኑን ከዚህ ጥናት መረዳት ይችላሉ።

ደመወዙም ከምግቡ የሚነጠል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሴት ይህ በቀን አንድ ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ለቤተሰብም ጥቂት ተልኮ በሚቀረው ገንዘብ በቀን ሦስት ጊዜ በልቶ ማደር እንዴት እንደሚቻል ለማሰብ የሒሳብ ዕውቀት አያሻም። በእንዲህ ዓይነት ደመወዝ ላይ ፋብሪካው የሚያቀርበው ምሳ የቸርነት ስጦታ ሳይሆን የደመወዙ አንድ አካል ነው።

ሕንድና ብራዚል

ለሠራተኛ ምሳ ኃላፊነትን በሕግ የመወሰን ልማድ አዲስ አይደለም። ብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ከ250 በላይ ሠራተኞች ያሏቸው የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የምግብ አዳራሽ እንዲያቋቁሙ ማዘዝ ጀመረች፤ መነሻው ርኅራኄ ሳይሆን የጥይት ምርት ነበር። ሕንድ ነጻነቷን ባገኘች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣችው የፋብሪካዎች ሕግ ያንኑ የ250 ሠራተኛ መለኪያ ወሰደ። የሕንዱ ሕግ ያስቀመጠው ዝርዝር ግን ከብሪታንያው በላይ ትኩረት ይገባዋል። የክፍለ ግዛት መንግሥታት ስለ አዳራሹ አሠራር፣ ስለሚቀርበው ምግብና ስለሚጠየቀው ዋጋ ደንብ እንዲያወጡ፣ ሠራተኞች የሚወከሉበት የአስተዳደር ኮሚቴም እንዲኖር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደቀው የሕንድ የሙያ ደኅንነት ሕግ መለኪያውን ወደ 100 ዝቅ አደረገው፤ በቁጥሩ ውስጥም በሦስተኛ ወገን በኩል የተቀጠሩ ሠራተኞች እንዲገቡ ደነገገ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ የጽዳት፣ የጥበቃና የጉልበት ሠራተኞች ለበዙባት ኢትዮጵያ ቀላል አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው እየዋሉ አንዱ ቋሚ ተቀጣሪ ሆኖ ከአዳራሹ ሲበላ ሌላው ከበር ላይ የሚመለስበት አሠራር ያለ ሕግ አይስተካከልም።

የብራዚል መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1976 በወጣው ሕግ ቁጥር 6321 የተመሠረተው የሠራተኞች የምግብ ፕሮግራም ማንንም አያስገድድም፤ ለሠራተኛው ምግብ የሚያቀርብ ድርጅት ያወጣውን ወጪ ከሚከፍለው ግብር ጋር በተያያዘ በእጥፍ እንዲያሳስብ፣ በተወሰነ ጣሪያ ሥር፣ ይፈቅድለታል። በምላሹ ድርጅቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸውን፣ እስከ አምስት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኙትን፣ ሠራተኞች ማስቀደም አለበት፤ ከምግቡ ዋጋም ከ20 ከመቶ በላይ ሠራተኛውን ሊያስከፍል አይችልም። ድርጅቱ በራሱ ወጥ ቤት ማብሰል፣ አቅራቢ መቅጠር ወይም ኩፖን መስጠት ይችላል። በምግቡ ዓይነት ላይም ሕግ አውጪው ዝም አላለም፤ የኃይል መጠኑ በካሎሪ ተወስኖ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የብራዚል ታሪክ ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የታሰበው ለተራበ፣ በጉልበቱ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ለአንድ ዋና ምግብ የተወሰነው መጠን 1400 ኪሎ ካሎሪ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የሥራው ዓይነት ተለወጠ፤ ብዙ ሠራተኛ ተቀምጦ የሚውል ሆነ፤ መለኪያው ግን ባለበት ቆመ። በባሂያ ክፍለ ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በፕሮግራሙ የታቀፉ ድርጅቶች ሠራተኞች ክብደታቸው ይበልጥ እንደጨመረ አመለከተ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2006 ደንቡን አሻሽሎ የዋና ምግብን መጠን ከ600 እስከ 800 ኪሎ ካሎሪ አወረደው፤ የጨው መጠን ገደብ አስቀመጠ፤ ፍራፍሬና አትክልት እንዲቀርብ አዘዘ። ረኀብን ለማስቀረት የወጣ ሕግ በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመግታት መታረም አስፈለገው።

ኢትዮጵያ ዛሬ ያለችበት ቦታ ከሁለቱ የብራዚል ዘመናት በአንዱ ብቻ የሚመደብ አይደለም። በ2016ቱ ጥናት ከሴቶች 8 ከመቶ የሚሆኑት ከመጠን ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ከተማ ውስጥ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የካሎሪ መለኪያ ለድንጋይ ፈላጩም ለባንክ ገንዘብ ያዡም ማውጣት ከብራዚል ስሕተት አለመማር ይሆናል። ሌላም ጉድለት አለ። የብራዚሉ ማበረታቻ የሚጠቅመው ትርፉን በተሟላ የሒሳብ መዝገብ የሚያሳውቀውን ድርጅት ነው። በግምት ግብር የሚከፍለው ትንሽ ድርጅት የሚያገኘው የግብር ቅናሽ የለም፤ ሠራተኛውም የፕሮግራሙ ተጠቃሚ የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው። አነስተኛ ግብር ከፋይ በበዛባት ኢትዮጵያ ይኸው ችግር የበለጠ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ከወጥ ቤቱ

የፖሊሲ ክርክሩ ስለ ካሎሪና ስለ ግብር ሲሆን የሚረሳው ነገር ወጥ ቤቱ ነው። በኢትዮጵያ የሠራተኛ መመገቢያ ለማቋቋም የሚነሣ አካል አስቀድሞ የሚገጥመው የጾምና የፍስክ ጥያቄ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ አጽዋማት ሲደመሩ ጿሚው ክርስቲያን የዓመቱን ግማሽ ያህል ከእንስሳት ተዋጽኦ ርቆ ያሳልፋል። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሠራተኛ አዳራሹ በ7:30 ከተዘጋ ምሳ አልቀረበለትም ማለት ነው። በረመዳን ወር ደግሞ ሙስሊሙ ሠራተኛ ምግቡን የሚፈልገው በመግሪብ ሰዓት ነው፤ የማታ ፈረቃ ላይ ያለው በዚያን ሰዓት ከማሽን ሊነሣ ካልቻለ ሕጉ ያዘዘው አዳራሽ አይጠቅመውም። ከውጭ የተቀዳ መመሪያ ይህን አያውቅም።

የጾም ምግብ ደግሞ ለደም ማነስ መንስኤ ተደርጎ መወቀስ የለበትም። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የብረት ንጥረ ነገር አላቸው፤ ጤፍም እንዲሁ። እንጀራው መቡካቱ ራሱ የብረቱን መዋሐድ የሚያውከውን በእህል ውስጥ ያለ ውሕድ ይቀንሳል። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት ከሥጋው ይልቅ በቀስታ የሚዋሐድ ቢሆንም ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት መዋሐዱ ይሻሻላል፤ ከሽሮው ጎን የሚቀርብ ጥሬ ቃሪያ፣ የቲማቲም ስልስ ሳይሆን የቲማቲም ሰላጣ፣ በጎመኑ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ለዚህ ይበቃሉ። ዋጋቸው አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ምግቡ እንዳለቀ ወዲያው የሚጠጣው ሻይና ቡና የብረቱን መዋሐድ ይቀንሳል። ሠራተኛን ከቡናው መለየት የሚያስብ አስተዳዳሪ አይሳካለትም፤ ቡናውን ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል አርቆ በከሰዓቱ ዕረፍት ማቅረብ ግን ይቻላል። እንዲህ ያለውን ምክር ለመስጠት የሥነ ምግብ ባለሙያ በየፋብሪካው መቅጠር አያስፈልግም፤ ጤና ቢሮዎች አንድ ጊዜ አዘጋጅተው የሚያሰራጩት አጭር መመሪያ በቂ ነው።

ከምግብ ይልቅ ገንዘብ ቢሰጥ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብም አለ። ገንዘብ የሠራተኛውን ምርጫ ያከብራል፤ አዳራሽ ለመገንባት አቅም ለሌለው አሠሪም ይቀላል። ነገር ግን ደመወዟ ከወር ወር የማያደርሳት ሠራተኛ የምሳ አበሉን ለኪራይ ወይም ለታናሽ ወንድሟ ደብተር ብታውለው የሚያስወቅሳት አይሆንም፤ ምሳው ግን አልተበላም። የግብር አዋጁ ከግብር ነጻ ያደረገው በገንዘብ የሚከፈለውን አበል ሳይሆን በነጻ የሚቀርበውን ምግብ መሆኑ በዚህ ነጥብ ላይ ሕግ አውጪው ሳይታወቀውም ቢሆን ትክክለኛውን ጎን እንደያዘ ያሳያል።

እናትየዋና ሕፃኑ

በሥራ ቦታ ከሚነሡት የሥነ ምግብ ጥያቄዎች ሁሉ ሕጉ በይበልጥ የቀረበው የእናት ጡትን ነው፤ ቀርቦም ሳይደርስ ቀርቷል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። በሳምንት 6 ቀን በሚሠራ ፋብሪካ 90 የሥራ ቀናት 15 ሳምንታት ይሆናሉ፤ 6 ወር ደግሞ 26 ሳምንታት ነው። የ11 ሳምንታት ክፍተት ይቀራል። በሳምንት 5 ቀን በሚሠራ ድርጅት ክፍተቱ 8 ሳምንታት ነው። በሥራ ቀን የሚቆጠር ፈቃድ በሳምንት ብዙ ቀን ለምትሠራው እናት አጭር መሆኑ፣ ማለትም ይበልጥ የምትደክመው ቀድማ ወደ ሥራ መመለሷ፣ በአዋጁ ረቂቅ ላይ የታሰበበት አይመስልም።

ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዟል፤ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶችም ማቆያዎቹ ተከፍተዋል። በግሉ ዘርፍ ያለችው እናት ተመሳሳይ መብት በአዋጅ 1156 አላገኘችም። የሕንዱ የ1948 ሕግ ከ30 በላይ ሴት ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው ማስገደዱን ያስታወሰ ሰው፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዋነኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት መሆኗን ሲያስብ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመነሻ ንድፍ ይህን እንደ መብራትና ውኃ መስመር ቆጥሮ ማካተት ይገባው እንደነበር ይስማማል።

የግብር ድንጋጌውን በጥቂቱ ማስፋት አዲስ አዋጅ ከማውጣት ይቀላል። ነጻነቱ ግንባታንና ሌሎች የጉልበት ሥራዎችን እንዲጨምር፣ ምግቡም ዝቅተኛ የይዘትና የንጽሕና መለኪያ እንዲያሟላ ቢደረግ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የደኅንነት ጫማና የእሳት ማጥፊያ ሲቆጥር መመገቢያውንም የሚያይበት ምክንያት ያገኛል። ይህ ግን ግብር የሚከፈልበትን ደመወዝ በመዝገብ የሚይዝ አሠሪ ላለው ሠራተኛ ነው። ማለዳ በየአደባባዩ ተሰልፎ ፎርማን የሚመርጠው የቀን ሠራተኛ ከዚህ ውጭ ነው፤ ለእርሱ የሚቀርበው መሣሪያ የግዥ ውል ይመስላል። ዓለም አቀፍ የልማት ባንኮች ገንዘብ የሚሰጡባቸው የመንገድ ሥራዎች በሚፈጸሙባቸው የውል ሰነዶች ውስጥ ተቋራጩ ለሠራተኞቹ ተስማሚ ምግብ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ፣ በቂ የመጠጥ ውኃም እንዲኖር የማድረግ ግዴታ ከተጻፈ ቆይቷል። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ አለ፤ በመንግሥት በጀት በሚገነቡት የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያና የመኖሪያ ቤት ግንባታ ውሎች ውስጥ ማስገባት የሚጠይቀው የግዥ ባለሥልጣኑን መደበኛ የጨረታ ሰነድ ማሻሻል ነው።